የሰመጠው ነጭ አሸዋ

በማዕድን ላቦራቶሪው «ጽዱ» የሚሏት ሲያመሰግኗትም ሲተርቧትም ነው። ሃያ ዓመት ዕቃ አጥባለች፤ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች። አሁን በጉልምስናዋ አሸዋ መለየት እያስተማሯት ነው።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከታች ቧንቧ ባለው ብርጭቆ ከውሃ ሦስት እጥፍ ገደማ የሚከብድ ፈሳሽ ጥቂት ይደረጋል። አሸዋው ሲጨመርበት ነጩ ቅንጣት ይንሳፈፋል፣ ጂኦሎጂስቶች የሚፈልጉት ከባዱ ጥቁር ማዕድን ይሰምጣል፤ የሰመጠው በቧንቧው ይወርዳል።

ዛሬ ግን ነጩም ጥቁሩም ተያይዞ ሰመጠ። ጽዱ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ዳግመኛ አየች። ያው የትናንቱ ፈሳሽ፣ ያው የትናንቱ እጅ። ታዲያ ምን ነካው? ናሙናው ደግሞ አንድ እፍኝ ብቻ ነው። የወጣበት ጉድጓድ ስለተደረመሰ ሌላ አይገኝም።

ናሙናውን ያመጣው ጂኦሎጂስት ገባና የሰመጠውን ክምር ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይሄ ሁሉ ከባድ ነው? እሰይ የኔ እህት!»

«አዎ» ብትለው ደስ ብሎት ይሄዳል። የሰመጠ ከባድ ነው ብለው ያስተማሯትም እነሱው ናቸው። ግን ነጭ አሸዋ እንዴት አድሮ ይከብዳል?

«አባባ፣ ግራ ገባኝ» አለች፣ ሚዛን ላይ ወደሚሠሩት ሽማግሌ ዞራ።

«ብርጭቆውን አጥበሽዋል?»

«ሦስት ጊዜ!»

«እሱንማ መች አጣሁት። አድርቀሽዋል ወይ?»

ጽዱ ዞር ብላ ብርጭቆውን አየችው። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ እንኳ በቅጡ አላንጠፈጠፈችውም።

«ውሃ ገብቶበት ፈሳሹ ቀለለ፤ ነጩን መሸከም አቃተው። አሸዋውማ ምን አደረገ፣ የኔ ልጅ?»

ንጽህና ያስወቅሳል ብላ አስባ አታውቅም። ቢሆንም ወደ ጂኦሎጂስቱ ዞረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ ሁሉ ከባድ አይደለም። አሸዋው ግን አለ፤ ነገ ይምጡ።»

«ነገ ይለያል? እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች።

አሸዋውን አጥልላ፣ አጥባ፣ አደረቀች። ፈሳሹን ውሃው እስኪተን በቀስታ አሞቀችው። በማግስቱ ነጩ ተንሳፈፈ፤ ከታች የወረደው የጥፍር ጫፍ የማትሞላ ጥቁር ቁንጥር ነበረች።

«ይህቺው ናት?» አለ ጂኦሎጂስቱ።

«ይህቺው ናት።»

ጎንበስ ብሎ ቁንጥሯን አያት። ከዚያ ከሌሎች ጉድጓዶች የወጡ ስድስት የናሙና ከረጢቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረና ሽማግሌውን «እነዚህንም እሷ ትሥራልኝ» ብሎ ወጣ።

አጥፍታ ሳለ ሥራ ይጨመርላታል? ነገሩ አልገባትም። ሽማግሌውን ልትጠይቅ ተጠጋች፤ እሳቸው ግን ቁንጥሯን ሚዛን ላይ አድርገው ነበርና ትንፋሿ እንዳይበትናት አፏን በእጇ ያዘች።