በመዳፍ የተቀመሰ ጦስኝ

ዛሬ ጠዋት ጦስኝ ሳፈላ ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ እናቴ መዳፏን ጨብጣ የቆመችበት ቀን ትዝ አለኝ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ከጎንደር ተመድበው የመጡት አስተማሪዬ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ዳር ያለው ቤታችን ድረስ ሊጠይቁን መጡ። እናቴ ከተራራው ያስለቀመችኝን ጦስኝ አፍልታ በማር አጣፈጠችው። ከዚያ ጠላ ሲቀርብ እንደሚደረገው፣ ጥቂት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ብርጭቆውን ለእንግዳችን ዘረጋች።

ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ፣ ያን ቀን ከሐፍረቴ ብዛት ጮህኩ።

"እማ! ይሄ እኮ ሻይ ነው፤ እንደ ጠላ አይቀመስም!"

አስተማሪዬ ሳቃቸውን ለመደበቅ አጎነበሱ። እናቴ መዳፏን ጨበጥ አድርጋ፣ "ክፉ ነገር ካለበት እኔን ያስቀድመኝ ብዬ ነው፣ እትዬ" አለቻቸው።

ነገሩ ያኔ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ የእኔ እንግዳ ሲመጣ እናቴ ቀድታ በእኔ እጅ ትልካለች እንጂ ከጓዳ አትወጣም ነበር። ይቅር በይኝ ሳልላት ሞተች።

ዛሬ ጎረቤቴ ስትገባ፣ ብርጭቆውን ከመስጠቴ በፊት በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩላት። ጠላ ቀዝቃዛ ነው፤ ጦስኙ ግን መዳፌን ለበለበው። እናቴም ያን ቀን እንዲህ ተቃጥላ እንደነበር ያወቅሁት ገና አሁን ነው።