ውሃ ውስጥ ያማተብኩ ዕለት

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዊልስደን ውስጥ ለብዙ ዓመታት «ካፒቴን» እየተባልኩ ኖሬያለሁ። ማዕረጉን ለራሴ የሰጠሁት እኔው ነኝ። በወጣትነቴ የአገሬ ባሕር ኃይል ከምጽዋ ወደዚህ አገር፣ ወደ አንድ የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር ማሠልጠኛ ስኳድሮን ልኮኝ ነበር። መላኩ እውነት ነው፤ መመረቁን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የነዳሁት ትልቁ ነገር ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሲሆን፣ እሱም በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም።

ዘንድሮ እዚሁ የተወለደችው የልጅ ልጄ እዚያው ስኳድሮን ገባች። አንድ ቅዳሜ መጥታ የስኳድሮኑን የታሪክ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«አባባ፣ የተመራቂዎቹን ስም በሙሉ ቼክ አደረግኩ። እርስዎ የሉም።»

«የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆናል።»

አልሳቀችም። የውሃውን ፈተና ሁለቴ ወድቃለች። ሠልጣኙን እንደ ሄሊኮፕተር ሆድ ባለ ሣጥን ውስጥ አስረው ገንዳ ውስጥ ይገለብጡታል፤ ተዘቅዝቆ ቀበቶውን ፈትቶ በመስኮት መውጣት አለበት።

«ማክሰኞ ላስት ቻንሴ ነው። ከወደቅኩ ያሰናብቱኛል። እርስዎ እንዴት አለፉ?»

ካፒቴኑ እዚያው ወንበር ላይ ሞተ።

«አላለፍኩም» አልኳት። «ቀኝ እጅ የመስኮቱን ጠርዝ መልቀቅ የለበትም፤ ጨለማ ውስጥ መውጫውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ ውሃው አፍንጫዬ ሲደርስ ለቅቄ አማተብኩ። እጄን ስመልስ መስኮቱ የለም። ገንዳው ውስጥ የሚጠብቀው ጠላቂ በአንገትጌዬ ይዞ እንደ ረጠበ ድመት አወጣኝ። ሦስቱንም ጊዜ።»

«ሦስቴም አማተቡ?»

«በሦስተኛው ይበልጥ ፈርቼ ነበራ።»

ቀኝ እጇን ትክ ብላ አየችው። «እኔም የማደርገው እሱን ነው መሰለኝ» አለች። «እማዬ መኪና በተነሳ ቁጥር አማትቢ ትለኝ ነበር።»

እናቷን ማን እንዳስተማራት መናገር አላስፈለገኝም።

ወንበር ወደ መስኮቱ ሳብኩና አስቀመጥኳት። «መጀመሪያ አማትቢ፣ ከዚያ ጠርዙን ያዢ። እግዜር ቀድሞ ቢሰማ አይከፋውም።» አማተበች፤ ያዘች። አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቷ ላይ ደፋሁባት። ሰደበችኝ፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ እጇ ግን አልተነቃነቀም። ሁለት ጆግ ጨረስን። ምንጣፉ እስከ ሰኞ አልደረቀም።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ደወለች። «አለፍኩ፣ አባባ። ሣጥኑ ውስጥ ሳልገባ ሳማትብ ያዩኝ ልጆች ለዕድል ብለው ተከተሉኝ። አንዱ በግራ እጁ ነው ያማተበው።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ወዳጄ «ካፒቴን፣ እንዴት ሰነበትክ?» አለኝ።

«ካፒቴኗ ደህና ናት» አልኩት።