ሚስማር የሚፈልግ ጣት

አባቴ ጫማ ሰፊ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በቤታችን የፊት ክፍል፣ ወደ መንገዱ በሚከፈተው በር አጠገብ፣ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሰው ጫማ ሲጠግን ኖሯል። ሶል ይቀይራል፣ ታኮ ይመታል፣ የተቀደደ ይሰፋል። ሥራውን ሲጨርስ ግን ጫማውን እንዲሁ አያስረክብም። ቀኝ እጁን ወደ ውስጥ ይሰድና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጫፍ ከተረከዙ እስከ አፍንጫው ድረስ ይዳብሳል። ወደ ውስጥ የዘለቀ የሚስማር ጫፍ ካለ አግኝቶ በመዶሻ ያጥፈዋል። ደንበኞቹ «የእሱ ጣት ያለፈበት ጫማ አይወጋም» ይላሉ። እሱ ይህን ሲሰማ ያልሰማ መስሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚህ የበለጠ ኩራት አልነበረውም።

እኔ ልጁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ የነርቭ ሴል እየሣልኩ አስተምራለሁ። እዚህም ትንሽ ልበልበት፤ አለዚያ የቤታችን ነገር አይገባም።

የነርቭ ሴል አካሉ ኢምንት ነው፤ ከአካሉ የሚወጣው ክር ግን ጉድ ነው። ከእግር ጣት ስሜት የሚያመጣው ሴል ወገብ አካባቢ፣ ከአከርካሪው ጎን ተቀምጦ፣ አንዱን ክሩን እስከ እግር ጣት ድረስ ይዘረጋል። አንድ ሴል፣ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት! መልእክቱ በክሩ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይሮጥና ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ምክንያቱም ሴልና ሴል አይነካኩም፤ በመካከላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። ላኪው በትንንሽ ከረጢቶች ያጠራቀመውን ኬሚካል ክፍተቱ ውስጥ ያፈሳል፤ ተቀባዩ ከማዶ ይቀበላል፤ ያን ጊዜ መልእክቱ እንደገና ይነሳል። ላኪው ካላፈሰሰ ማዶ ያለው ምንም አያውቅም። ክሩ ደግሞ ምግቡም ጥገናውም የሚመጣለት ከሩቁ የሴሉ አካል ነው። ስለዚህ በሽታ ወይም መርዝ ሲገባ ረጅሙ ክር ከጫፉ ጀምሮ ቀድሞ ይሞታል። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ እጅ።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እውቀቴ ለገዛ ቤቴ ምንም አልፈየደም።

እናቴ ስኳር ነበረባት። ከአራት ዓመት በፊት እግሯ መደንዘዝ ሲጀምር የጤና ጣቢያዋ ነርስ «እማማ፣ ጫማ ከማድረግዎ በፊት ሁልጊዜ እጅዎን አስገብተው ይፈትሹ፤ እግርዎ ቢወጋም አይነግርዎትም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳትፈትሽ አልተጫማችም። እጇን ጫማው ውስጥ እየከተተች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች፤ «አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፈታሽ! ጉምሩክ ሆነናል እኮ።»

አባዬ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አመጣ። ነጠላ ጫማ አድርጎ ከጓሮ ሲመጣ አንደኛው መንገድ ላይ ይቀራል፤ እሱ ግን ልብ ሳይል በአንድ ባዶ እግሩ ዘው ይላል። እናቴ ከኋላው እያነሳች «ጫማ ሰፊው፣ ጫማህ ፈትቶህ ሄደ!» ትለዋለች። እኔም አብሬ እንከተከታለሁ። ዛሬ ያን ሳቅ መልሼ መዋጥ ብችል ደስ ባለኝ። ምክንያቱ ሶል የሚያጣብቅበት ማስቲሽ ነበር። ብርድ ሲሆን በሩን ዘግቶ ይሠራል፤ የማስቲሹ ሽታ በዚያች ጠባብ ክፍል ይታፈናል። ያን ሲተነፍስ የኖረ ሰው ነርቩ ከጫፍ እየሞተ መጣ፤ እግሩን ጨርሶ ወደ እጁ ጣት ዞረ። እሱ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እኛ ቤት አልኖረም።

የትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ደረሰ፤ ወላጆች ክፍል ገብተው ትምህርት የሚያዩበት ቀን ነው። እናቴ «እኔስ የአስተማሪዋ ወላጅ አይደለሁም?» ብላ ተነሳች። አባዬ የጥቁር ጫማዋን ታኮ ሲቀይር አምሽቶ ጠዋት ጨረሰው። ጣቱን አስገብቶ ዳበሰ። ከዚያ ፊቷ ተንበርክኮ በገዛ እጁ አደረገላት።

«እንደ ሙሽራ!» አለችው።

«ሙሽራማ ነሽ። ጠበበሽ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! እግሬን ጠይቀው» አለችና ተሳሳቁ።

ክፍሌ ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። የዕለቱ ትምህርት ነርቭ ነበር። ሣልኩና «ሚስማር ብትረግጡ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ፤ መጽሐፉ ራሱ የሚሰጠው ምሳሌ ነው። አንዲት ተማሪ ተነስታ መልእክቱ በክሩ ወደ ህብለ ሰረሰር እንደሚሮጥ፣ እዚያ ክፍተቱን ተሻግሮ ወደ ጡንቻ እንደሚመለስ፣ ሰውየው ገና ሕመሙን ሳያውቅ እግሩ እንደሚነሳ አስረዳች። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። እናቴም በኩራት አጨበጨበች። በዚያች ሰዓት ሚስማሩ ተረከዟ ውስጥ ነበር።

ቤት ገብተን ጫማዋን ሳወልቅላት ካልሲዋ በደም ርሶ ከእግሯ ጋር ተጣብቋል። ጮህኩ። አባዬ ጫማውን ከእጄ ነጥቆ ጣቱን አስገባ።

«ምንም የለም» አለ። እንደገና አስገብቶ ዳበሰ። «ምንም የለም አልኩሽ!»

እጁን ሲያወጣ ከጣቱ ደም ይንጠባጠብ ነበር። ጣቱን አየ። እኔን አየኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አባዬ?»

«ዓመት አልፎታል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጫማ ሰፊ ጣቴ ሞተ ብሎ ለማን ይናገራል?»

ቁስሉ እምቢ አለ፤ ጠቆረ፣ ሸተተ። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሞቹ «ከጉልበቷ በታች መቆረጥ አለበት፤ ያም ካተረፋት ነው» አሉን። ከቀዶ ጥገናው በፊት እናቴ አባዬን ውሃ አምጣልኝ ብላ ላከችውና እጄን ያዘች።

«ስሚኝ ልጄ። አባትሽ ጣቱ እንደማይሰማ ቀድሞም አውቅ ነበር። የሚፋጅ የሻይ ብርጭቆ ጨብጦ ዘና ብሎ ሲያወራ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«አመሻሽ ላይ ሊታጠብ ጓሮ ሲወጣ ጨርሶ ለማግስቱ ያስቀመጣቸውን ጫማዎች አንድ በአንድ እፈትሽ ነበር። ስኳሩ እጄን ገና አልነካውማ። ሚስማር ሳገኝ አጥፌ ቦታው እመልሰዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ደንበኛ አልተወጋም።»

«የራስሽንስ እማዬ? የራስሽንስ?»

«ፊቴ ተንበርክኮ ዓይን ዓይኔን እያየኝ እጄን ላስገባ? ቅስሙን ልስበር?» እጄን ጠበቅ አደረገች። «እንዳትነግሪው። ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁላት። እግሯን ቆረጡት። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

አባዬ ማስቲሹን ጣለ፤ በሩንም ብርድ ቢሆን ከፍቶ መሥራት ጀመረ። ሐኪሙ ጣቱ ምናልባት ቀስ በቀስ ትንሽ ሊሻለው እንደሚችል ነገረው፤ እሱ ግን የሰማም አይመስል። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ስገባ መዶሻውን አስቀምጦ ጠራኝ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እስኪ ንገሪኝ። በዚህ በድን ጣት ዓመት ሙሉ ስንት መቶ ጫማ ሠራሁ። አንድ ሰው ወጋኝ ብሎ አልመጣም። የሰዉን ሁሉ እግር ያለፈ ሚስማር፣ የእሷን ብቻ ለምን ወጋ?»

ክፍተቱን ሳስተምር የኖርኩ ሴት መልሱን ይዤ እዚህ ማዶ ቆሜ ቀረሁ።

«አላውቅም አባዬ» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ። አንደኛው ነጠላ ጫማው ደፉ ላይ ቀርቷል። የጨረሳቸው ጫማዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ተንበርክኬ እጄን የመጀመሪያው ውስጥ አስገባሁ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውም ደህና ነው። ሦስተኛው ወጋኝ። መዶሻውን አንስቼ ቀስ ብዬ መታሁት።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለ ከጓሮ።

«ምንም አይደለም አባዬ።»

«እናትሽም ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት አንድ ነገር ታንኳኳ ነበር።»

ከዚያ የውሃው ድምፅ ቆመ። ብዙ ቆይቶ እጁ እንደረጠበ በሩ ላይ መጣ። መዶሻውን አየ፣ እጄ ያለበትን ጫማ አየ።

«እሷ ነበረች?» አለኝ።

ቃሌን አላፈረስኩም፤ አልመለስኩለትም። አባቴ አጠገቤ ተንበረከከና፣ እንባው እየወረደ፣ አራተኛውን ጫማ አንስቶ አቀበለኝ።