እማማ ቹንዎልና የመታጠቢያው ውሃ

እማማ ቹንዎል በኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ባሕር እየጠለቁ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ያረጁ፣ ማዕበል የማያስፈራቸው ሴት ነበሩ። የአረጋውያን ማረፊያ ከገቡ ወዲህ ግን የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት የወንበራቸውን መደገፊያ አጥብቀው ይይዛሉ። ስትሮክ አንደበታቸውን ስለዘጋው «ውሃው ይፋጃል» ማለት አይችሉም።

አንድ ጠዋት አዲሷ ተንከባካቢ ሚሶክ ውሃውን በእጇ ሳትሞክር፣ ከፍና ዝቅ በሚለው ማንሻ ወንበር አስቀምጣ ወደ ገንዳው ታወርዳቸው ጀመር። እንፋሎቱ ሲገርፋቸው እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

«አይዞዎት እማማ! የባሕር ሰው ውሃ ይፈራል እንዴ?» አለች ሚሶክ እየሳቀች።

እማማ ስትሮክ ባልጎዳው እጃቸው የሚሶክን እጅ ለቀም አድርገው ውሃው ውስጥ ነከሩት።

«ወይኔ እናቴ!» ብላ ጮኸች፤ ወንበሩንም ወዲያው ወደ ላይ መለሰችው። «በፈላ ውሃ ልቀቅልዎት ነበር እኮ! ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሚሶክ ሙቀቱን ሳትለካ አታወርዳቸውም። እማማ ግን ዛሬም የራሳቸውን ጣት ወደ ውሃው ያስቀድማሉ።