ከአዲስ አበባ የምትመጣው ቀስት

ሰው በሰው ይቀናል፤ ያለ ነው። እኔ ግን ኮምፒውተር ላይ በምትንቀሳቀስ ቀስት ቀንቻለሁ። ያውም በገዛ ቤቴ፣ አባቴ አጠገብ ቆሜ።

አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ተወልዶ ያደገው ከቦንጋ ወጣ ብሎ ማንኪራ ነው፤ ቀፎዎቹም ዛሬ ድረስ እዚያው ዛፍ ላይ ተሰቅለው የአጎቴ ልጆች ያዩለታል። እሱ ጉልበቱ ስለደከመ ቦንጋ ከእኔ ጋር ይኖራል። ጡረታ የወጣ ሰሞን አዲስ አበባ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ኮምፒውተር ገዝታ ላከችለት። ከዚያ ወዲህ ንብ የሚቀስማቸውን የጫካ ዛፎች በሁለት ጣቱ ፊደል እየለቀመ ይጽፋል። ስማቸውን በአፍ መፍቻው በካፊኖኖ፣ መቼ እንደሚያብቡና ማራቸው ምን እንደሚመስል ደግሞ በአማርኛ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያለፉ ስለሆነ፣ እሱ ካልጻፈው የሚጽፈው የለም።

ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ሊጠፋ ነበር። አባዬ የጻፈውን በወረቀት ለማውጣት ፍላሹን ይዞ ከተማ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት ሄደና ቫይረስ ይዞ ተመለሰ። ፎልደሮቹ ድምጥማጣቸው ጠፋ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። ማታ እህቴ ደወለች፤ አንድ ፕሮግራም አስጫነችውና እዚያው አዲስ አበባ ተቀምጣ የእኛን ኮምፒውተር ከፈተች፣ የተደበቀውን ሁሉ አወጣች፣ አንቲቫይረስም አስገባች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእህቴ ስም ተቀየረና «ጠባቂዬ» ሆነ።

እኔስ? እኔ ቀን ከሌት ኮምፒውተር ላይ የምሠራ የቢሮ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ፍላሽ ሲበላሽ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ቤት ስገባ ግን ኪቦርዱን በጨርቅ ልወለውል ብጠጋ እንኳ አባዬ «ተይው፣ ተይው» ይላል። ቫይረሱን ያመጣው የራሱ ፍላሽ ሆኖ ሳለ፣ በእሱ ቤት ጥፋተኛው የእኛ ቢሮ ነው። «የመንግሥት ፍላሽ ንጹሕ የለውም» ይላል ለጎረቤት ሳይቀር። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው። ልብሱን የማጥበው፣ መድኃኒቱን የማስታውሰው፣ ዝናብ ሲመጣ መስኮቱን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ጠባቂው ግን ሌላ ሰው ነው።

አንቲቫይረሱ በየወሩ ያልቅና ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ይወጣል። ያን ቀን ቤታችን እንግዳ የሚመጣበት ቤት ይመስላል። አባዬ «ቀዩ መጣ!» ብሎ ለእህቴ ይደውላል፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፣ ኮቱን ይደርባል። ከዚያ እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ ያሳርፍና ይጠብቃል። ቀስቷ ማንም ሳይነካት መንቀሳቀስ ስትጀምር ፊቱ ይበራል።

«መጣሽ? ደህና መጣሽ የኔ ልጅ» ይላታል። እህቴን አይደለም፤ ቀስቷን ነው።

እኔን ሥራ ውዬ ስገባ «መጣሽ» የሚለኝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ ነው።

ከሁሉ የባሰው ስካኑ ነው። እህቴ የቀረውን ከጨረሰች በኋላ ኮምፒውተሩ ፋይል በፋይል ይፈተሻል፤ የፋይሎቹ ስም ከላይ ወደ ታች ይሮጣል፣ ጊዜም ይወስዳል። አባዬ ያን ጊዜ፣ ስልኩ እንደተከፈተ፣ ያወራል። ስለ ንቦቹ፣ ስለ እናታችን፣ ድሮ ደካ በሚባል ገጠር ሲያስተምር በጭቃ ስለተጓዘው መንገድ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። አንድ ቀን ጠዋት «ጉልበትህን እንዴት አደርክ?» ብዬው «ደህና ነኝ» ብሎኝ ነበር። ከሰዓት ለቀስቷ ሲነግራት ሰማሁ፤ ለካ ሌሊቱን ሲወጋው አድሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ቢላዋውን አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁ። ለዚህ ሌላ ስም አልሰጠውም፣ ቅናት ነው።

በሌላው ቀን እህቴ ስትደውል እንዲህ አያወራም። «ደህና ነን፣ ደህና ነን፣ እንኪ እህትሽን» ብሎ ስልኩን ለእኔ ያቀብለኛል። እንደ ጸሐፊው ስለሚቆጥረኝ ይመስለኝ ነበር።

ማር ሲቆረጥ ደግሞ ሌላ አለ። ጌተም የሚባለው ዛፍ አብቦ ነጩ ማር ከማንኪራ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ባልዲ የአዲስ አበባ ነው። «ቀፎ የጠበቀ ቀድሞ ይቀምሳል» ይላል አባዬ፤ ማንኪራ ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ኮምፒውተሩም ቀፎ ነው። ባልዲውን ተሸክማ መናኸሪያ የምትወስደው፣ ለአውቶቡስ ረዳት «እንዳይደፋብኝ አደራ» እያለች የምትለምነው ማን ናት? ቀፎ ያልጠበቀችው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቀዩ መጣ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። አባዬ ኮቱን ለበሰ፣ ደወለ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቀስቷ ብቅ አለች፤ እስከ ስክሪኑ መሐል መጣችና ቆመች።

«ደከማት» አለ አባዬ።

ጠበቀ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። ኋላ እህቴ በስልኩ «አባዬ፣ ኔትወርኩ እምቢ ብሏል። ስልኩን ለእትዬ ስጣትና እሷ ትሥራው» አለች። አባዬ አየኝ፣ ስክሪኑን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ። ስፒከሩን አጥፍቶ ስልኩን አቀበለኝና ወንበሩን ለቀቀልኝ።

«ብቻ ምንም እንዳትነኪ» አለኝ።

ሳልነካ እንዴት እንደምሠራው አልነገረኝም። የእጅ ስልኬን ኢንተርኔት ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁና፣ እህቴ በጆሮዬ ኮዱን እየነገረችኝ አስገባሁ። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። በቃ፣ ይኸው ነው! ለዚህ ነው ኮት የሚለበሰው? ለዚህ ነው ባልዲ ማር? ልዘጋው ስል ከኮዱ ሥር አንዲት ማብሪያ አየሁ። ጊዜው ሲያልቅ በራሱ ይታደስ ወይ ነው የምትለው። ጠፍታለች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ክፉ ደስታ ነበር። ይህችን አንድ ጊዜ ብጫናት ቀይ የለም፣ ቀስት የለም፣ ጠባቂም የለም።

«በራሱ እንዲታደስ ማድረግ ይቻላል እኮ» አልኳት። «ረስተሽው ነው? ላብራው?»

ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እትዬ፣ ተይው» አለች።

«ለምን? በየወሩ መድከም ቀረልሽ።»

«ካበራሽው አይደውልልኝም። በሌላ ጊዜ ስደውል ስልኩን ለአንቺ ነው የሚሰጥሽ። አባዬን የማገኘው ቀዩ ሲመጣ ብቻ ነው። አንቺ ሁሌ አብረሽው ነሽ። ምን ያህል እንደምቀናብሽ ብታውቂ…»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ስልኩ እውነትም ተቆረጠ።

እሷ በእኔ! ስለ ጉልበቱ ለእሷ እንጂ ለእኔ እንደማይነግረኝ አታውቅም ማለት ነው። ቀስቷ ማብሪያዋ ላይ፣ ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር። አነሣሁት። እንደጠፋች ተውኳትና ዘጋሁት።

«ምን አለች?» አለ አባዬ ከኋላዬ።

«ቀዩ ሲመጣ ደውልልኝ ብላለች።»

«እደውላለሁ እንጂ» አለ፤ ደስ አለው። «ስካኑንስ አስጀመርሽው?»

አስጀመርኩት። የፋይሎቹ ስም መሮጥ ጀመረ። አባዬ ሌላ ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፣ እንደ ልማዱ ስክሪኑን አየ።

«ይሄ ጉልበቴ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዝናብ ሲሆን ይብስበታል።»

ለእህቴ መልሼ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ዞሬም አላየሁትም፤ ካየሁት «ደህና ነኝ» እንዳይለኝ ፈራሁ። እጄን ማውሱ ላይ አድርጌ፣ ወሬውን እንዳያቋርጥ፣ ቀስቷን ትንሽ ትንሽ አንቀሳቅስለት ጀመር።