ደጃፍ ላይ የተተወ የቡና ቅርንጫፍ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ፣ መቱ ውስጥ ከቅዳሴ የቀረ ዘመድ ሲኖር አይቆጡም ነበር። ፍሬው ገና ያልቀላ የቡና ቅርንጫፍ ቆርጠው ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ።

ታናሽ እህቴ የሞተች ጊዜ እናቴ ፈጣሪዋን አኩርፋ ቤት ዋለች። ቅርንጫፉ መጣ፤ አላነሳችውም። እሑድ ጋሼ ተመልሰው ሲመጡ ቅጠሉ ተጨማዶ ነበር።

«ምነው ጋሼ፣ ሐዘኔ አይበቃኝም?» አለቻቸው።

«ይበቃሻል። ግን ይህን እዪው፤ ከግንዱ ከተለየ ወዲህ አንድ ፍሬ አልቀላም። ከክርስቶስ ተለይተሽ እንዲህ እንዳትሆኚብኝ ብዬ ነው። አልቅሺ፣ ግን እሱ ዘንድ ሆነሽ አልቅሺ።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለቻቸው። ውላ አድራም ወላጅ የሞተባቸውን የጎረቤት ልጆች ወስዳ አሳደገች።

ጋሼን በሐምሌ ዝናብ ቀበርናቸው። ይኸው ጥቅምት ገባ፤ የጓሯቸው ቡና ቀልቶ፣ ለቃሚ አጥቶ ይረግፋል። ከተዝካራቸው ወዲህ እናቴም እኔም ቤተ ክርስቲያን አልረገጥንም። ማንም አልመጣብንም። እናቴ ጠዋት በሩን ስትከፍት ግን ሰማዩን አታይም፤ ጎንበስ ብላ ደጃፉን ታያለች። ከዚያ መልሳ ትዘጋዋለች።