የኦሪት የመጀመሪያ ጾም

ጠዋት 12፡30፣ ሴንት አልባንስ፣ ሜልበርን
ጎህ ሲቀድ ጣቢያው ደረስኩ። አራት ዶላር የከፈልኩበትን ቡና ባቡሩ ሳይመጣ ጨረስኩ፤ የምሄድበት ቤት አዋቂ ሁሉ ከትናንት ምሽት ጀምሮ ዛሬ እስኪመሽ እህል ውኃ አይቀምስም። ዕለቱ አይሁድ የሚጾሙት የስርየት ቀን ነው፤ ቤተ እስራኤሎች አስተሠርዮ ይሉታል።

ጠዋት 2፡15፣ ባላክላቫ
ፍሊንደርስ ስትሪት ላይ ባቡር ቀይሬ መጣሁ። ብዙ ሱቆች ዝግ ናቸው። ነጭ የለበሱ ወንዶች በሸራ ጫማ ወደ ጸሎት ያዘግማሉ፤ ዛሬ የቆዳ ጫማ አይደረግም።

እትዬ ያልጋነሽ በር ላይ ተቀበሉኝ። ከጎንደር ወደ እስራኤል፣ ከዚያም ወደ ሜልበርን የመጡ ሴት ናቸው። በበዓሉ ስለማይጻፍ ደብተሬንና ስልኬን መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀምጥ ለመኑኝ። ይህን የምጽፈው ማታ ስመለስ ባቡር ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉትን ሰዓቶች የያዝኩት ከግድግዳ ሰዓት ነው።

መንታ ልጆች አሏቸው፤ ዳንና ኦሪት። ባለፈው ሳምንት በዕብራውያን አቆጣጠር አሥራ ሁለት ዓመት ሞላቸው። በሕጉ ሴት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለትእዛዛቱ ራሷ ተጠያቂ ትሆናለች፤ ወንድ እስከ አሥራ ሦስት ልጅ ነው። ስለዚህ ኦሪት ትጾማለች፣ ዳን ቁርሱን በልቷል።

ዳን ቅር ብሎታል። በአሥር ደቂቃ እንደሚበልጣት በእንግሊዝኛ ነገረኝ።

"ዛሬ በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ" አለች እሷ።

ቀን 9፡00
ኦሪት ራሷን አሟት ሶፋው ላይ ተጋደመች። ፊቷ ገርጥቷል። እናቷ ግንባሯን ዳስሰው ውኃ ቀዱ። የሚያሰጋ ሕመም ከሆነ መጠጣት ግዴታ መሆኑን ነገሩኝ። ያዞራት እንደሆነ ጠየቋት፤ አስነስተው አራመዷት። አልተንገዳገደችም።

"አምና ቢሆን ሳልጠይቅሽ አጠጣሽ ነበር" አሏት። "ዘንድሮ ግን ጾሙ ያንቺ ነው። ካልቻልሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣም።"

ብርጭቆውን ትንሽ አየችው።

"ራስ ምታት ብቻ ነው፣ እማ። እችላለሁ።"

እትዬ ያልጋነሽ ውኃውን ለዳን ሰጡት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጠጣ። እሳቸው ከዚያ ወዲያ ከሶፋው አጠገብ አልተነሱም።

ማታ 1፡00
ምኩራቡ በእግር ስድስት ደቂቃ ነው። ኦሪት የእናቷን ክንድ ይዛ ሄደች። የጾሙን ፍጻሜ የሚያበስረው ቀንደ መለከት አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፋ፤ የማታው ጸሎት ሲያበቃ ሰው ወደ በሩ ወጣ። እዚያ ጭማቂ የምታድል ሴት ኦሪትን አይታ፣ ልጅቷ ጾማ እንደሆነ እናቷን ጠየቀች።

እትዬ ያልጋነሽ ራሷ እንድትመልስ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

"ሃያ አምስት ሰዓት" አለች ኦሪት፣ ብርጭቆውን እየተቀበለች።